የሌለው መወጣጫ

ቨርዴል ፒንክኒ በእናቷ መታጠቢያ ቤት መስተዋት ፊት ቆማ «ክቡር ዳኛ፣ መወጣጫው እኮ የለም» የሚለውን ስትለማመድ፣ ወንድሟ ሮስኮ ከወጥ ቤት ሰምቷት ኖሮ፣ «"እኮ"ን ተያት፤ የተናደድሽ ታስመስልብሻለች» አላት። «ተናድጃለሁ እኮ!» ብላ ጮኸችበት። ሮስኮ ቋሊማውን አሳርሮት ነበርና የቤቱ አየር በጭስ ታፍኗል፤ የፍሎሪዳ ነሐሴ ስለሆነ መስኮት ቢከፈትም የሚገባው ሙቀት ብቻ ነው። ቀርባ የበቆሎ ገንፎውን በማንኪያ ዞር ዞር አደረገችውና ተወችው። ማታ ከአትላንታ ስትነዳ መጥታ በእናቷ አልጋ ላይ ነው ያደረችው፤ ወንድምና እህት ከተገናኙ ጀምሮ ስለ መኪናዋ ዘይት፣ ስለ ጣሪያው ፍሳሽና ስለ ቋሊማው ተነጋግረዋል። ስለ እናታቸው አንድም ቃል አልተነፈሱም። ሮስኮ የጎሚስታ እጁን በሳሙና ደጋግሞ አጥቦታል፤ በጥፍሮቹ ሥር ያለው ጥቁር ግን አለቀቀም። ለዛሬ ብላ የገዛችለትን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ አንገቱን እየነካካ ሠርግ እንደተወሰደ ልጅ ይቁነጠነጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእነ ፒንክኒ ቤት፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ሃርሎው በምትባለው ከተማ እንዳሉት የድሮ የእንጨት ቤቶች ሁሉ፣ ጎርፍ እንዳይገባው ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ ነው፤ ወደ በረንዳው የሚያስወጣው ቀጥ ያለ ደረጃ ነው። እናታቸው ኦዴሳ አንድ እግሯን በስኳር በሽታ ምክንያት ስትቆረጥ፣ ሮስኮ ከጓደኛው ጋር ሆኖ ለተሽከርካሪ ወንበሯ ከበረንዳው እስከ መንገዱ ጠርዝ የሚደርስ ደረጃ የሌለው የእንጨት መወጣጫ ሠራላት። ጠንካራ ነበር፣ ባለሙያ ያልሠራው ነው ብሎ የሚጠረጥር አልነበረም። ፈቃድ ግን አልነበረውም። የከተማው ደንብ አስከባሪ መጥቶ ፎቶ አነሳው። ወይ ፈቃድ አውጡ ወይ አንሱት፣ አለዚያ ከየካቲት ጀምሮ በቀን መቶ ዶላር ይቆጠርባችኋል ተባለ። መወጣጫው ከተነሳ ሁለት ዓመት አልፎታል። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያያል፤ በቦታው ሣር በቅሎበታል። ለሃርሎው ከተማ ግን ማንሳት ብቻ አይበቃም፣ ደውሎ «አንስቼዋለሁና ኑና እዩልኝ» ማለት ያስፈልጋል። ደንብ አስከባሪው መጥቶ «የለም» ብሎ እስካልጻፈ ድረስ መወጣጫው አለ፤ ያለ ነገር ደግሞ ይቆጠርበታል። ሮስኮ አልደወለም። ያ ሰውዬ በየሳምንቱ የሰውን ሣር ርዝመት እየለካ በደጃቸው ያልፍ ነበርና፣ መቼም መወጣጫ የሚያህል ነገር ሲጠፋ ያያል ብሎ አሰበ። ለመቅጣት ሲሆን እንደ ንስር የሚያይ ዓይን፣ ይቅር ለማለት ሲሆን ስልክ ካልተደወለለት አይገለጥም።

በዚህ መሐል፣ ቅጣቱ መቆጠር በጀመረ በዘጠነኛው ወር፣ ኦዴሳ በኅዳር ሞተች። ቨርዴል አትላንታ ከአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ጡረታ ልትወጣ ወራት ሲቀሯት፣ የራሴ ብላ የምትገባበት ቤት ይህ የእናቷ ቤት ብቻ ነበር። ቤቱን በእሷና በሮስኮ ስም አዙራ፣ ጣሪያውን ለማደስ ትንሽ ብድር ልትወስድ ባንክ ስትሄድ፣ ቤቱ ላይ ዘጠና ሺህ ዶላር የተጠጋ የከተማ ዕዳ እንደተጻፈበት ነገሯት። ያቺ አሮጌ ቤት ከነመሬቷ ብትሸጥ ከዚያ ብዙም አትዘልም። ዕዳው ካልተቀነሰ ከተማው ራሱ ይሸጣታል። ያን ዕለት ከባንኩ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ከዚያ ደውላ ደንብ አስከባሪ አስመጣች፣ ማመልከቻ አስገባች፣ ቀጠሮው ዛሬ ሆነ። በስልክ ያነጋገረቻት የማዘጋጃ ቤት ልጅ፣ መወጣጫው በትክክል የተነሳበትን ቀን የሚያውቅ ምስክር ይዛችሁ ኑ፣ ዳኛው ከዚያ በኋላ ያለውን ሊተውላችሁ ይችላል ብላ መክራታለች። ሮስኮ ለዚህ መልስ ነበረው። እማዬ በሞተች ማግስት ለቀስተኛ እንዳይደናቀፍበት አፈረስኩት፣ እንጨቱን የወሰደው ዲያቆን ፔቲስ ነው አላት። ቨርዴል ለቀብሩ ስትመጣ መወጣጫው ስላልነበረ አመነችው። ቢሆንም ከየካቲት እስከ ኅዳር ያለው ብቻ ሃያ ሰባት ሺህ ይሆናል። ዳኛው አዝኖ ቢያጋምሰውም ለጡረታዋ ያጠራቀመችውን ሙልጭ አድርጎ የሚወስድ ገንዘብ ነው። እሱንም ትከፍላለች። ሌላ ምን ምርጫ አላት?

ዲያቆን ሲባል ልጅ እግር አይምሰላችሁ፤ ዲያቆን ፔቲስ ሰማንያ ያለፋቸው፣ ባርኔጣቸውን ከእንቅልፍ በስተቀር የማያወልቁ ሽማግሌ ናቸው። ሊወስዷቸው ደጃቸው ሲደርሱ ሮስኮ «አንቺ ሞተሩን አታጥፊ፣ እኔ አመጣቸዋለሁ» ብሎ ወረደ። ቨርዴል በመስታወቱ ታያቸዋለች። ሮስኮ የሽማግሌውን ክንድ ይዞ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር በጆሯቸው ይነግራቸዋል፤ እሳቸው መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ ደግነው «ምን አልክ?» ይላሉ። እንደገና ጎንበስ ይላል። «ጮክ በላ ልጄ! መስሚያዬ ባትሪ ጨርሷል!» ሮስኮ ወደ መኪናው ዞር ብሎ አየ። ሦስተኛ አልሞከረም። በሩን ከፍቶላቸው ከኋላ ተቀመጡና፣ «እንዴት አደርሽ የኦዴሳ ልጅ፣ ወፍረሻል፣ ደግ አደረግሽ!» አሉ በቤተ ክርስቲያን ድምፃቸው። ሮስኮ ከፊት ተቀምጦ የሸሚዙን ቁልፍ ይከፍት ይዘጋ ነበር። ቨርዴል፣ ዳኛ ፈርቶ ነው ብላ አሰበች።

የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ በረዶ ነው። ውጪ ሰው ይቀቀላል፣ እዚያ ውስጥ ባለጉዳዩ ሁሉ እጁን ብብቱ ከቶ ተቀምጧል። ዳኛው ከተማው በሰዓት እየከፈለ የሚያስመጣው ጠበቃ ነው፤ ፊቱ የደግ ሰው ፊት ነው፣ የጉሮሮ ከረሜላ ይመጥጣል። መጀመሪያ አንድ የሚያብረቀርቅ ጫማ ያደረገ ጠበቃ ቀረበ፤ አርባ የሚያህሉ የኪራይ ቤቶች ያሉት የአንድ ድርጅት ወኪል ነው። የተሰበረ መስኮት፣ የፈሰሰ ፍሳሽ፣ የተከመረ ቆሻሻ፣ ሁሉም ተጠራቅሞ የትየለሌ ደርሷል። ጠበቃው የዳኛውን ልጅ ጤንነት ጠየቀ፣ ዳኛውም ስለ ዓሣ ማጥመድ አንድ ነገር አለው፤ ከመቶ አሥር እጁን ክፈሉ ተብሎ አመስግኖ ወጣ። ቀጥሎ ግቢዋ ውስጥ የሟች ባሏን ጀልባ ያቆመች ሴትዮ ቀረበች። ጀልባው አሁንም እዚያው አለ ወይ ተባለች። አለ አለች። እንግዲያው ሳይነሳ ስለ መቀነስ መነጋገር አንችልም ተብላ ተመለሰች። ከቨርዴል አጠገብ ስትቀመጥ፣ «ማን ያንሳልኝ? እኔ ተሸክሜ?» አለች ለማንም ሳይሆን። ቨርዴል ዓረፍተ ነገሯን በልቧ ደገመች፣ ያለ «እኮ»።

ስማቸው ተጠራ። ሦስቱም ቀኝ እጃቸውን አንስተው ማሉ። ዲያቆን ፔቲስ ለመሐላው ሲሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ራሳቸው ላይ የባርኔጣው ክብ ቀርቷል። ቨርዴል «ክቡር ዳኛ፣ መወጣጫው የለም» አለች፣ ድምጿ ካሰበችው በላይ ቀጠነባት። አዲሷ ደንብ አስከባሪ፣ ገና ልጅ ናት፣ ተነስታ እውነት ነው፣ ባለፈው ወር ሄጄ አይቻለሁ፣ የለም አለች። «እንግዲህ መቼ ተነሳ ነው ጥያቄው» አለ ዳኛው። ሮስኮ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «በኅዳር፣ እናታችን በሞተች ማግስት» አለ። ዳኛው አዝናለሁ ካለ በኋላ፣ ወደ ሽማግሌው ዞሮ እሳቸውም እንዲህ እንደሚያስታውሱ ጠየቀ። አልሰሙትም። ልጅቷ ቀረብ ብላ ጮክ አድርጋ ደገመችላቸው።

«ኅዳር?» አሉ ዲያቆን ፔቲስ። «ኧረ የለም! ከፋሲካ በፊት ነው።»

ሮስኮ «ዲያቆን...» አለ።

«ከፋሲካ በፊት ነው ስልህ! መድረክ ሠራሁበት አይደል እንዴ? ልጆቹ የፋሲካ ንግግራቸውን ያቀረቡት እሱ ላይ ቆመው ነው። የዊልሚና የልጅ ልጅ ቃሉ ጠፍቶበት ዘሎ ወርዶ እናቱ ጉያ ተወሸቀ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።» ዳኛውም ሳቀ። የየትኛው ዓመት ፋሲካ እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ሽማግሌው የሚጠየቁት ነገር ግልጽነት ገርሟቸው፣ «እህት ኦዴሳ በሕይወት ሳለች ነዋ! እንጨቱን ስጭን በረንዳው ላይ ሆና "ቀስ በል፣ ጀርባህን" ትለኝ ነበር» አሉ።

ዳኛው ከረሜላውን ወደ ሌላ ጉንጩ አሳለፈ። ደስ ብሎታል። ይህ እኮ ለእናንተ የሚጠቅም ነው፣ ከፋሲካ በኋላ ያለው በሙሉ ይሰረዛል ማለት ነው አለ፤ ሰው ራሱን የሚጎዳ ቀን ተናግሮ ምስክሩ የሚጠቅመውን ሲናገር ዛሬ ገና ማየቴ ነው ብሎ ለልጅቷ ፈገግ አለላት። ከዚያ ሮስኮን የትኛው ነው ትክክል አለው። ሮስኮ «እሳቸው ያሉት ነው» አለ። ታዲያ ለምን ኅዳር አልክ ሲባል ጫማውን አየ። ደንብ አስከባሪዋ በዚህ መሐል፣ ለመርዳት ብላ መሆን አለበት፣ ለነገሩ ለተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ፈቃዱ በነጻ ነው፣ በእጅ የተሣለ ንድፍም እንቀበላለን፣ መጥታችሁ ብትጠይቁ ኖሮ ማፍረስም ባላስፈለገ አለች። ዳኛውም «ለሚቀጥለው ጊዜ እወቁት» አለ። የሚቀጥለው ጊዜ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ቨርዴል ግን ይህን የሰማችው ከሩቅ ነው። ከፋሲካ እስከ ኅዳር ትቆጥር ነበር። ሰባት ወር። አንድ እግር ያላት ሴት፣ ያ ሁሉ ደረጃ፣ ቀን ሙሉ ጎማ ቤት የሚውል ወንድም። ያን ዓመት ከገና በኋላ ቨርዴል ሃርሎው ድርሽ አላለችም፤ የሥራ ፈረቃዋም መኪናዋም ምክንያት ሆነዋት ነበር። እሑድ እሑድ ግን ትደውላለች። «ቤተ ክርስቲያን ሄድሽ እማዬ?» ስትላት፣ «ዛሬስ ደከመኝ» ትላለች ኦዴሳ። በሚቀጥለው እሑድም ደከመኝ። አንድ ቀን ቨርዴል፣ «እግዚአብሔርን እንደዚህ ችላ ያልሽው መቼ ነው? ሰንፈሻል እኮ» አለቻት፣ በቁጣ ነው ያለቻት፣ እናቷም ስቃ «እውነትሽን ነው» አለች። ያ ሳቅ አሁን፣ በዚያ በረዶ አዳራሽ ውስጥ፣ ጆሮዋ ላይ መጣ። የመናገሪያውን ጠረጴዛ ጠርዝ ያዘች።

«ወይዘሮ ፒንክኒ» አለ ዳኛው፣ «አመልካቿ እርስዎ ነዎት። መወጣጫው ከፋሲካ በፊት መነሳቱን ይቀበላሉ? ካልተቀበሉት በኅዳሩ ነው የምሄደው።»

አዎ ካለች እናቷ ሰባት ወር ታስራ መኖሯን በራሷ አፍ መመስከሯ ነው። አይ ካለች ቤቱ ላይ ሃያ ሰባት ሺህ ይወድቃል። ሮስኮ አላያትም። ከኋላ ባለጀልባዋ ሴትዮ፣ «በይ አዎ በያ እንጂ!» ብላ ስታንሾካሹክ ተሰማ።

«አዎ» አለች ቨርዴል።

ዘጠና ሺው ስድስት ሺህ ሆነ፣ ስድስቱም ደግሞ፣ ዳኛው ስለ እናታቸው ሐዘን ብሎ፣ ሦስት ሺህ ሆነ። ሁለት ወር የመክፈያ ጊዜ ተሰጣቸው። ቨርዴል አመሰግናለሁ አለች፣ ማለት ስላለባት። ስትወጣ ባለጀልባዋ ክንዷን ጨብጣ «ታድለሽ!» አለቻት፤ ምቀኝነትም አልነበረባትም።

ወደ ቤት ሲነዱ፣ ዲያቆን ፔቲስ ብቻ ስለ ሰፈሩ ድሮነት፣ እዚህ ጋ ፀጉር ቤት ነበር፣ እዚያ ጋ ጥሩ ዓሣ ይጠበስ ነበር እያሉ ለራሳቸው ያወራሉ። ከፊት የሚባለው እንደማይሰማቸው ታውቃለችና ቨርዴል ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጀመረች።

«ሰባት ወር፣ ሮስኮ።»

ሮስኮ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«እንደ ዶሮ ቆልፈህባት።»

«እሷ ናት አንሳው ያለችኝ» አለ ሮስኮ። «በቀን መቶ ዶላር ሲቆጠር እንቅልፍ አጣች። ሐኪም ቤት ስትሄድ አዝላት ነበር። ሌላ ቦታ እሺ አትልም፤ ሰው እያየኝ እንደ ሕፃን አልታዘልም አለች።»

«ታዲያ ለእኔ አትነግረኝም? አፍ የለህም? ስልክ የለህም? እኔ እዚያ ሆኜ ሰነፍሽ እያልኩ ስሰድባት፣ አንተ አጠገቧ ቁጭ ብለህ ትሰማለህ!» መሪውን በመዳፏ መታችው። «ዛሬ እንኳ፣ ዳኛ ፊት ቆመህ፣ ምለህ ትዋሻለህ። ለምን? እንዳላውቅብህ! ነውርህን ለመሸፈን ቤቱን ልታስበላው ነበር። ስማኝ፣ ሦስት ሺውን እኔ እከፍላለሁ፣ ቤቱ ያንተ ነው፣ ኑርበት። እኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ ወንድም...»

«ለኦዴሳስ ነግሬያት ነበር» አሉ ከኋላ ዲያቆን ፔቲስ፣ ወሬያቸውን ቀጥለው፤ መድረኩ ትዝ ብሏቸው ነው መሰል። «"እህት ኦዴሳ፣ መውጫሽን እኮ መጫናችን ነው፣ እሑድ በምን ልትመጪ ነው?" አልኳት። "ለእኔ አታስብ፣ ፔቲስ" አለችኝ። "ቨርዴል በሰኔ ትወስደኛለች። አትላንታ ያለው ቤቷ ደረጃ የለውም፣ እንደ መንገድ ዝርግ ነው፤ በወንበሬ እየነዳሁ እገባለሁ።" ደስ ብሏት ነበር፣ ልጄ። ሻንጣዋ እንኳ ታስሮ በሩ አጠገብ ተቀምጦ አይቼዋለሁ።»

ሮስኮ ዞሮ፣ «በቃ ዲያቆን!» ብሎ ጮኸ፣ ሲጮህ የመጀመሪያው ነበር።

«ምን አልክ?»

በሰኔ። እውነት ነው፣ ቨርዴል እወስድሻለሁ ብላት ነበር። በስልክ ነው ያለቻት፣ ገና ባለፈ ሰሞን፣ እናቷ ስታለቅስባት ልታባብላት ብላ። ሰኔ ሲደርስ፣ አብራት የምትኖረው ልጅ ክፍሉን እስክትለቅ ክረምቱ ይለፍ አለች። ክረምቱ ሲያልፍ፣ ለኅዳሩ የምስጋና በዓል መጥቼ እወስድሻለሁ አለች። ኦዴሳ እሺ ትላለች፣ እሺ ማለት ልማዷ ነበር። ከበዓሉ ሳምንት ቀደም ብላ ሞተች። ቨርዴል ይህን ረስታው ነበር ማለት ውሸት ነው፤ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስቀምጥበት፣ እጁን የማይሰድበት ቦታ አለው። ሮስኮ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ኅዳር ያለው ለዚህ ነው። ሃያ ሺህ ዶላር ሊያስወድቅባቸው ተዘጋጅቶ የነበረው የራሱን ነውር ለመሸፈን አልነበረም። አሁንም መስኮቱን ነው የሚያየው፤ የነጩ ሸሚዝ አንገት በላብ ርሷል።

መብራት ይዟቸው ቆሙ። አረንጓዴ ሲሆን ቨርዴል አልነዳችም፤ ከኋላቸው ያለው መኪና ጥሩምባውን ነፋ፣ ከዚያ በጎን አልፏቸው ሄደ።

«ሻንጣውን ማን ፈታው?» አለች።

«እኔ።»

«መቼ?»

ሮስኮ አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«በጥቅምት» አለ። «ቀዝቀዝ ሲል ሹራቧን ፈልጋ።»